ለትንሿ ሚሊንግ ማሽን የተሻለ ቦሪንግ ሄድ መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የምትሠራ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን አለችኝ። የቻይናው ሲግ ኤክስ 2 ብሎ የሚሠራት፣ በየአገሩ የተለያየ ስምና ቀለም ተቀብታ የምትሸጠው ዓይነት ናት። እንደኔ ዓይነት ማሽን ያላቸው ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ቦሪንግ ሄድ፣ ማለት ቀዳዳን በሚፈለገው ልክ ስለሚያሰፋው መሣሪያ ነው። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ማሽናችሁ ከኔዋ ትንሽ ብትለይም አብዛኛው ነገር ይሠራል።

ቦሪንግ ሄድ ለምን ያስፈልገኛል? ፑንታ አይበቃም?

ፑንታ ቀዳዳ ይከፍታል እንጂ ልክ አይሰጥም። የ10 ሚሜ ፑንታ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሜ ትንሽ የሰፋ ቀዳዳ ነው የሚያወጣው። ብረቱ ሳሳ ወዳለበት ወገንም ይሸሻል። ሪመር ልኩን ያስተካክላል፤ ግን ፑንታው የሄደበትን ተከትሎ ስለሚሄድ የቀዳዳውን ቦታ አያርምም።

ቦሪንግ ሄድ አንድ ስለት ብቻ ይዞ በስፒንድሉ (መቁረጫውን በሚያዞረው የማሽኑ ዋና ዘንግ) መሀል ዙሪያ ይዞራል። የድሮው ቀዳዳ ጠማማ ቢሆን እንኳ አዲሱ ስፒንድሉ ባለበት ቦታ ላይ ክብ ሆኖ ይወጣል። 37 ሚሜ ከፈለጋችሁ 37፣ 37.4 ከፈለጋችሁ 37.4 ታወጣላችሁ። የ37.4 ሪመር ልፈልግ ብትሉ ገበያውን ስትዞሩ ትውላላችሁ።

ቶርኖ አለኝ። እሱ ላይ ብሠራውስ?

ዕቃው ክብ ከሆነና ማንድሪኖ (የቶርኖው ዕቃ መያዣ) ውስጥ ከገባ ቶርኖ ላይ ሥሩት፤ ይቀላል። ሚሊንግ ማሽን የሚያስፈልገው ዕቃው ማንድሪኖ የማይገባ ቅርጽ ሲኖረው ነው። የፓምፕ አካል፣ የሞተር ክዳን፣ የጊር ሳጥን የመሳሰሉት። ሁለት ቀዳዳዎች በመካከላቸው የተወሰነ ርቀት እንዲኖራቸው ሲፈለግም እንዲሁ። ዕቃውን አንዴ አስራችሁ ጠረጴዛውን በእጀታው ላይ ባለው ቁጥር እየገፋችሁ ሁለቱንም ትሠራላችሁ።

ከማሽኑ ጋር በርካሽ የገዛሁት ሄድ ምን ጎደለው? የተሻለ ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ልምዴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሄዴ ሲያዩት ያምራል። ዳያሉን፣ ማለት ስለቱን ወደ ጎን የሚገፋውን ባለ መስመር ማስተካከያ፣ 2 መስመር አዞራለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ቀዳዳው አይሰፋም። 2 መስመር እጨምራለሁ፣ አሁንም ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ስጨምር የቀሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡና ቀዳዳው ከልክ አለፈ። ዕቃው የሰው ነበር። ያን ቀን ነው የሄድ ጥሩነት በውበቱም በዋጋውም እንደማይለካ የገባኝ። ዳያሉ ላይ ያዞራችሁት ስለቱ ጫፍ ላይ ይደርሳል ወይ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

ይህን ቤታችሁ በዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) መፈተሽ ትችላላችሁ። ሄዱን ስፒንድሉ ላይ ግጠሙ፤ የኢንዲኬተሩን ጫፍ በስለቱ አቅራቢያ ባሩ (ስለቱን የያዘው ዘንግ) ላይ አሳርፉ፤ ስፒንድሉን እንዳይዞር ያዙት። ከዚያ ዳያሉን 5 መስመር ወደ ፊት፣ እንደገና 5፣ እንደገና 5 አዙሩ። መርፌው በየጊዜው እኩል መሄድ አለበት። አንዴ ቆሞ አንዴ ከዘለለ ብሎኑ ወይም ተንሸራታቹ (ባሩን ይዞ ወደ ጎን የሚሄደው የሄዱ ክፍል) ችግር አለበት። ቀጥሎ መቆለፊያውን አጥብቁ። ስታጠብቁ መርፌው 2 መቶኛ ሚሜ ከተንቀሳቀሰ፣ በዲያሜትር 4 መቶኛ ስህተት እያስገባችሁ ነው። ጥሩ ሄድ ሲቆለፍ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ባሩን በእጃችሁ ገፋ ለቀቅ አድርጉት። መርፌው ወደነበረበት ካልተመለሰ ጊቡ (የተንሸራታቹን ክፍተት የሚያጠብበው ቀጭን ብረት) ልቅ ነው።

እነዚህን 3 ፈተናዎች የሚያልፍ ሄድ ለኔ የተሻለ ሄድ ነው። አንዳንዴ ርካሹ ሄድ ራሱ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ጊቡ ተስተካክሎ ያልፋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ፈትሹ።

የቱን መጠን ልግዛ? 50 ሚሜ ወይስ 75 ሚሜ?

ለኤክስ 2 መጠን ማሽን የሄዱ ዲያሜትር 50 ሚሜ ይሁን። ሰው ትልቁ ይሻላል ብሎ 75ቱን ይገዛና ይቆጫል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ባር ሲቆርጥ ይታጠፋል። የመታጠፉ መጠን ከርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። 40 ሚሜ ወጥቶ የነበረ ባር 80 ሚሜ ቢወጣ በእጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ይታጠፋል። ውፍረት ደግሞ በተቃራኒው ይረዳል፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር ነው የሚጨምረው። የ12 ሚሜን ባር በ18 ሚሜ ብትተኩት 5 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል።

ታዲያ 18 ሚሜ ባር የሚይዘው 75 ሚሜው ሄድ አይሻልም? ባሩን ብቻ ካያችሁ ይሻላል። ግን ሄዱ ራሱ ረዝሟል፤ ከብዷልም። ስለቱ ከስፒንድሉ ኩሽኔታ ይበልጥ ይርቃል። ትንሽ ማሽን ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚሸነፈው ባሩ ሳይሆን ማሽኑ ነው፤ ኮለኑ (ምሰሶው)፣ የሄድስቶኩ (ስፒንድሉን ይዞ በምሰሶው ላይ የሚወጣ የሚወርደው ክፍል) ጊብ፣ ስፒንድሉ። ከስፒንድሉ አፍ እስከ ስለቱ ጫፍ ያለውን ርቀት በሙሉ እንደ አንድ ባር አስቡት። በተጨማሪ ቁመት ያልቃል። ሄድ፣ ባር፣ ሞርሳ፣ ዕቃ ሲደራረቡ ስለቱ ቀዳዳው አፍ ላይ ሳይደርስ ሄድስቶኩ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁመት በሜትር ለኩ።

ከፍ ያለ ማሽን፣ ለምሳሌ ኤክስ 3 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያለው ሰው 75 ሚሜውን ቢወስድ አልቃወምም። ፌስ (ጠፍጣፋ ፊት) ጭምር የሚሠሩት፣ በራሳቸው የሚገፉት የቮልሃውፕተርና የናሬክስ ሄዶች ግሩም ሥራ ናቸው። ለትንሿ ማሽን ግን ይረዝማሉ፤ ይከብዳሉ።

ስፒንድሌ አር 8 ነው ወይስ ሞርስ 3? በምን አውቃለሁ?

ሁለቱም የስፒንድሉ አፍ የሚቀበላቸው የዘንግ ዓይነቶች ናቸው። ከውስጡ የሚወጣውን ዕቃ እዩ። አር 8 ከላይ ቀጥ ያለ፣ 24.1 ሚሜ የሆነ ዘንግ አለው፤ የሚሾጥጠው ታች አፉ ላይ ብቻ ነው፤ ጎኑ ላይም የቁልፍ ቦይ አለው። ሞርስ ግን ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ይሾጥጣል። ሞርስ 3 ሰፊው አፉ 24 ሚሜ ገደማ ነው፤ ሞርስ 2 ደግሞ 18 ገደማ።

ድሮው ባር የሚባለውን፣ ከላይ ስፒንድሉ ውስጥ ገብቶ ዕቃውን ስቦ የሚያጠብቀውን ረጅም ብሎን ጥርስም አረጋግጡ። አር 8 ብዙውን ጊዜ 7/16 ኢንች ነው፤ በኢንች 20 ጥርስ። ሞርስ 3 ላይ ኤም 12ም ኤም 10ም 3/8 ኢንችም ያጋጥማል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። 3/8 ኢንችና ኤም 10 ለዓይን አንድ ይመስላሉ። የ3/8 ብሎን ኤም 10 ዳዶ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይገባል፤ ጥቂት ዙርም ይሄዳል። ጥርሱን ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው። በሥራ መሀል ተልጦ ሄዱ እየዞረ ሊወርድ ይችላል። ገባ ብላችሁ አትመኑ፤ በጥርስ መለኪያ ወይም በካሊፐር አረጋግጡ።

ዘንጉ ከሄዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራውን ልውሰድ ወይስ በጥርስ የሚገጣጠመውን?

አንድ ወጥ የሆነው አጭርና ጠንካራ ነው። ማሽን የመቀየር ሐሳብ ከሌላችሁ እሱን ውሰዱ። በጥርስ የሚገጥመው ጥቅሙ ነገ አር 8 ያላት ማሽን ብትገዙ ዘንጉን ብቻ ትቀይራላችሁ። ይህን ከመረጣችሁ ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። ጥብቀቱ የሚመጣው ከጥርሱ ሳይሆን ትከሻው ትከሻ ላይ ሲቀመጥ ነው። መሀላቸው አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ብትቀር ሄዱ ይጋደላል። ጥረጉ፣ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ከዚያ አጥብቁ።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ሄድ ይዞልኝ መጣ። መለኪያው በኢንች ነው። ይሆነኛል?

ይሆናል፤ ብዙዎቻችንም መሣሪያ የምናገኘው በዚህ መንገድ ነው። ክራይቴሪየንን የመሰለ የአሜሪካ ሄድ ያገለገለም ቢሆን ከብዙ አዲስ ርካሽ ሄድ ይበልጣል። ግን ሦስት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ ዘንጉ። አሜሪካ ውስጥ አር 8 ስለተለመደ የሚላክላችሁ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ማሽናችሁ ሞርስ ከሆነ ዘንጉ የሚፈታ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ የባሩ ቀዳዳ። የ2 ኢንቹ ሄድ የሚይዘው የ1/2 ኢንች ባር ነው፤ 12.7 ሚሜ ማለት ነው። የ12 ሚሜ ባር እዚያ ውስጥ 0.7 ሚሜ ይጫወታል። የቆርቆሮ ቁራጭ እየጠቀጠቁ መሥራት አይሆንም። ወይ ዘመዳችሁ የግማሽ ኢንች ባሮች ጨምሮ ይላክ፣ ወይ ቶርኖ ላይ በጎኑ የተሰነጠቀ ስስ ቡሽ አስወጡለት።

ሦስተኛ ዳያሉ። አንድ መስመር የኢንች አንድ ሺኛ ከሆነ 0.0254 ሚሜ ነው። ማስታወሻ ደብተር ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ጽፋችሁ ማሽኑ አጠገብ ስቀሉት። በጭንቅላት ማስላት መጨረሻው ሰዓት ላይ ነው የሚያሳስተው።

አገጣጠሙ እንዴት ነው?

አዲስ ሄድ በጸረ ዝገት ቅባት ተለውሶ ነው የሚመጣው። ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ እጠቡት። ውስጡ የሞረድ ብናኝ ብታገኙ አትገረሙ። ተንሸራታቹ ጠርዝ ላይ ሹል ነገር ካለ በጥሩ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። ፊቱን ግን አትንኩ። ብሎኑን በቀጭን ዘይት ቀብታችሁ መልሱት።

ከዚያ የስፒንድሉን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይትም ፍቅፋቂም መቅረት የለበትም። ሞርስ ከሆነ ዘንጉ ላይ በማርከር ሦስት ቀጫጭን መስመር ከላይ እስከ ታች አስምሩ፤ አስገቡት፤ በእጅ ትንሽ አዙራችሁ አውጡት። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ከተፋቀ በደንብ ይዟል። ከአንድ ጫፍ ብቻ ከተፋቀ ስፒንድሉ ወይም ዘንጉ ላይ እብጠት አለ። እሱን ፈልጉ።

ድሮው ባሩን በልክ አጥብቁ። ሞርስ ራሱ የመንከስ ባሕርይ ስላለው በመፍቻ ላይ ቧንቧ ጨምሮ መጎተት አያስፈልግም። በኋላ ማውጣት ያቅታችኋል።

አሁን ባሩን አስገቡ። እዚህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የስለቱ ጫፍ ተንሸራታቹ በሚሄድበት መስመር ላይ፣ በትክክል መሀሉን አቋርጦ በሚያልፈው መስመር ላይ መሆን አለበት። ባሩ ትንሽ ዞሮ ከታሰረ ስለቱ በጎን ይሄዳል። ያኔ ዳያሉ ላይ 0.10 ብታዞሩ ቀዳዳው ያን ያህል አያድግም፤ ስለቱም በሆዱ ያሻል። ሄዱ ጎን ላይ የቀጥታ መስመር ከሌለ ራሳችሁ ጫሩበት።

ባሩን የሚይዙትን ትንንሽ ብሎኖች ሁሉንም አጥብቁ። ከሄዱ የሚወጣው የባሩ ርዝመት ቀዳዳው ከሚፈልገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ። ለብረት ባር ከውፍረቱ 4 እጥፍ በላይ ባይወጣ ጥሩ ነው፤ ለድፍን ካርባይድ ባር እስከ 6 እጥፍ ይቻላል።

ጊቡን ምን ያህል ላጥብቅ?

ብዙ ሄዶች ጎናቸው ላይ ሦስት ብሎኖች በተርታ አላቸው። የዳርና ዳሩ ሁለቱ የጊቡን ጥብቀት ያስተካክላሉ፤ የመሀሉ መቆለፊያ ነው። ሦስቱንም እንደ መቆለፊያ የሚጠቀም ሰው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሄዱ በየቀኑ ሌላ ሄድ ይሆንበታል።

የዳሮቹን ስታስተካክሉ ዳያሉ በቁልፉ ሲዞር እኩል የሆነ ክብደት ይሰማችሁ። መጎተት አለበት፤ መቸከል የለበትም። አንዴ ካስተካከላችሁ አትንኳቸው። ለየቁርጡ የምትፈቱትና የምታጠብቁት የመሀሉን ብቻ ነው።

ዳያሉ የሚያሳየው ዲያሜትር ነው ወይስ ራዲየስ?

ሁለቱም ዓይነት አለ። በኢንዲኬተር እዩት። 10 መስመር ባለ 0.01 አዙሩ። መርፌው 0.10 ከሄደ ራዲየስ ነው፤ ቀዳዳው 0.20 ይሰፋል። 0.05 ከሄደ ዲያሜትር ነው። በቀለም ሄዱ ላይ ጻፉበት።

ስፒንድሌ ትንሽ ይወላገዳል። ቀዳዳው አይበላሽም?

አይበላሽም። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስለቱ አንድ ብቻ ነው። ዘንጉ 3 መቶኛ ወደ ጎን ቢያጋድልም ስለቱ አሁንም በኩሽኔታዎቹ መሀል ዙሪያ ክብ ይሠራል። ክቡ በትንሹ ሰፍቶ ወይም ጠቦ ይጀምራል እንጂ ክብነቱ አይጠፋም። ያንን ደግሞ ለክታችሁ በዳያሉ ታካክሱታላችሁ። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ውድ ኮሌትና ውድ አርቦር አትግዙ። የስፒንድሉ ኩሽኔታ ራሱ የላላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ክብነቱም ይጠፋል።

ማሽኑ ቀጥ ብሎ ካልቆመስ? ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል ይላሉ።

በሒሳብ አዎ፤ በተግባር ግን ከሚባለው እጅግ ያንሳል። ስፒንድሉ በ100 ሚሜ 0.1 ቢያጋድል፣ 40 ሚሜ ቀዳዳ ላይ የሚመጣው እንቁላልነት ከማይክሮን ክፋይ በታች ነው። ልትለኩት አትችሉም።

የሚጎዳው ሌላው ነው። ሄድስቶኩ ኮለኑ ላይ የሚወርድበት መስመር ለጠረጴዛው ቀጥ ካላለ ቀዳዳው ራሱ ያጋድላል። 12 ሚሜ ጥልቀት ላይ 0.012 ሚሜ ብቻ ስለሆነ ላይሰማችሁ ይችላል። በ100 ሚሜ ርቀት ሁለት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ግን 0.1 ሚሜ ነው፤ ዘንጉ ይቸከላል። ኤክስ 2ን የመሰሉት ማሽኖች ኮለናቸው ወደ ጎን ስለሚያጋድል ይህ በቀላሉ ይከሰታል። ጥሩ የማዕዘን መለኪያ ጠረጴዛው ላይ አቁሙ፤ ኢንዲኬተር ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ ሄድስቶኩን ከላይ ወደ ታች አውርዱ። በሁለቱም አቅጣጫ አድርጉት። የኮለኑን ትልቅ ዳዶ ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ፤ ሲጠብቅ ይሸሻልና።

የትኛውን ባር ልጠቀም?

ካርባይድ የተበየደባቸው፣ በሳጥን 9 ሆነው የሚመጡት ርካሽ ባሮች አብዛኛውን ጊዜ እንደመጡ አይቆርጡም። ጫፋቸው ደንዝዟል፤ ከስር ያለው ማምለጫም ትንሽ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ተረከዛቸው ይነካል። አረንጓዴ የድንጋይ ሞላ (መሳያ) ወይም አልማዝ ካላችሁ አስተካክሏቸው፤ ያኔ ጥሩ ናቸው።

ትንሽ ማሽን ላይ ሃይስፒድ ስቲል የተሳለ ስለት እመርጣለሁ። በጣም ይሾላል፤ ጉልበት አይጠይቅም። ጉልበት ባልጠየቀ ቁጥር ባሩም ማሽኑም አይታጠፍም።

ተለዋጭ ስለት ያለው ባር ከፈለጋችሁ ሲሲኤምቲ 060204 የሚለው በብዛት ይገኛል። የመጨረሻው 04 የጫፉ ክብነት 0.4 ሚሜ መሆኑን ይናገራል። በ0.4 ጫፍ 2 እና 3 መቶኛ ልቁረጥ ብትሉ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያሻል። ለትንሿ ማሽን 02 የሚያበቃውን ፈልጉ። ለአልሙኒየም የተሠራው፣ የተወለወለውና ሹሉ ሲሲጂቲ ደግሞ ብረት ላይም ለመጨረሻ ቁርጥ ያምራል፤ ቶሎ ቢያልቅም።

በምን ያህል ፍጥነት ላዙር?

የመቁረጫ ፍጥነቱን በሜትር በደቂቃ በ1000 አባዙ፤ በ3.14 እና በዲያሜትሩ አካፍሉ። የካስት አይረን 40 ሚሜ ቀዳዳ በሃይስፒድ ስቲል፣ 20 ሜትር በደቂቃ ብንወስድ 160 ዙር ገደማ ነው። በካርባይድ 60 ሜትር ብንወስድ 480 ገደማ።

ሒሳቡ የፈቀደውን ሁሉ ግን ሄዱ አይፈቅድም። ስለቱ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ሄዱ ሚዛን ያጣል። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጉ የሚወዘውዘው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል። ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋችሁ ከፍ አድርጉ። ጠረጴዛው መርገብገብ ሲጀምር ትንሽ መልሱ። ያ ነው ፍጥነታችሁ።

የኩሽኔታ ቤት በትክክል በልኩ እንዴት ላውጣ?

እውነተኛ ሥራ ልውሰድ። የትንሽ ውሃ ፓምፕ ክዳን ነው። ውስጡ 6203 ኩሽኔታ ይቀመጣል፤ ውጪው 40፣ ውስጡ 17፣ ውፍረቱ 12 ሚሜ ነው። ኩሽኔታው እየዞረ ቤቱን በልቶታል። ቤቱን ወደ 46 ሚሜ አስፍተን ቀለበት እንከታለን፤ ቀለበቱን ደግሞ በ40 እናወጣዋለን። ኤች 7 የሚባለው የቀዳዳ መደበኛ ልክ ከ40.000 እስከ 40.025 ነው። ሙሉው ዕድላችን 2 መቶኛ ተኩል ነው።

መጀመሪያ መሀሉን ማግኘት። ኢንዲኬተር ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ በእጅ እያዞራችሁ ቀዳዳውን ትዳስሳላችሁ። ግን የተበላውን ቦታ አትመኑ፤ ወደ አንድ ወገን ተበልቷል። ያልተበላ ክብ ፈልጉ። ክዳኑ ከፓምፑ አካል ጋር የሚገጥምበት ክብ ትከሻ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መሀሉ ሲገኝ የጠረጴዛውን ሁለቱንም መቆለፊያ ዝጉ። ከዚህ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ አይነኩም።

ሻካራውን ሥራ በየጎኑ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሜ እየቆረጣችሁ ሂዱ። ለቀለበቱ ቤት ልኩ ብዙ አያስጨንቅም፤ ቀለበቱ በልኩ ይቀረጻል። 0.05 ልቅ አድርጎ ሎክታይት 638 መቀባት ይቻላል። ማጣበቂያው በደንብ ሲደርቅ ውስጡን ትሠሩታላችሁ። ቀለበቱን በጫና ካስገባችሁት ደግሞ ውስጡ ይጠባል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ ከገባ በኋላ እንጂ ከመግባቱ በፊት አታውጡ።

አሁን ዋናው ዘዴ። ባር ሁልጊዜ ይታጠፋል፤ ያዘዛችሁትን ሙሉ አይቆርጥም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁርጦች እኩል አድርጓቸው። ቀዳዳው 39.61 ነው እንበል፤ ወደ 40.01 መድረስ እንፈልጋለን። 0.40 ይቀራል። ግማሹን፣ 0.20ውን አዝዛችሁ ቁረጡ። ለኩ። 39.78 ሆነ። ያዘዝነው 0.20፣ ያገኘነው 0.17። 3 መቶኛ በመታጠፉ ጠፍቷል። የቀረው 0.23 ነው። አሁን 0.23 አዝዙ፤ ባሩ እንደ በፊቱ ያህል ስለሚታጠፍ የጠፋውን 3 መቶኛ ደግማችሁ አትጨምሩ፤ በተመሳሳይ ፍጥነትና በተመሳሳይ አወራረድ ቁረጡ። 40.01 አካባቢ ትደርሳላችሁ። በመጨረሻ 2 መቶኛ ላስተካክል ብሎ መሞከር ግን ያሳስታል፤ ስለቱ አንዴ ያሻል፣ አንዴ ይነክሳል።

ዳያሉን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ ብቻ አዙሩ። ካለፋችሁ ግማሽ ዙር መልሱና እንደገና ከኋላ ኑ። የብሎኑ ክፍተት የሚያሳስተው ሲመለስ ነው።

ስትለኩም ዕቃው ይቀዝቅዝ። 40 ሚሜ የአልሙኒየም ቀዳዳ በ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 0.018 ሚሜ ይሰፋል። ከ2 መቶኛ ተኩል ዕድላችሁ አብዛኛውን ይበላዋል። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይበቃም። ቴሌስኮፒክ ጌጅና ማይክሮሜትር፣ ወይም ቦር ጌጅ ያስፈልጋል። ከሌለ ቶርኖ ላይ በ40.00 የተቀረጸ መሰኪያ አዘጋጁ። አዲሱን ኩሽኔታ ራሱን መሞከሪያ ማድረግም ይቻላል፤ ፍቅፋቂ እንዳይገባው ብቻ ተጠንቀቁ።

ሲቆርጥ ይጮኻል፤ ፊቱም የሞገድ ቅርጽ ያወጣል። ምን ላድርግ?

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፤ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። አወራረዱን ትንሽ ጨምሩ፤ ብዙ ሰው ሲጮህ ይፈራና ያዘገያል፤ ያኔ ስለቱ ማሸት ይጀምራል፤ ጩኸቱ ይብሳል። ባሩን አሳጥሩ። ስለቱን ሳሉ። የሄድስቶኩን ጊብ አጥብቁ፤ ሲወርድ ትንሽ ይክበዳችሁ። በዚያ ሁሉ ካልጠፋ ዕቃው በደንብ አልታሰረም።

ሄድስቶኩን በረጅሙ እጀታ አታውርዱ። በቀስታ የምታወርደውን ትንሿን መዘውር ተጠቀሙ። ሲወጣም ስለቱ ፊቱን እንዳይጭር ማሽኑን አቁማችሁ፣ ስለቱን ወደ እናንተ አዙራችሁ አውጡት።

ፕላስቲክ ጊር ያላት ማሽን ካላችሁ፣ ቁልፍ ቦይ ወይም ቀዳዳ የሚያቋርጠው ቦታ ላይ ስትቆርጡ ቀስ በሉ። ስለቱ በየዙሩ ሲጋጭ ጊሩ ጥርሱን ይሰብራል።

ስፒንድሉን ወደ ኋላ አዙሬ መቁረጥ እችላለሁ?

ዘንጉ በጥርስ የተገጠመ ከሆነ በፍጹም። ወደ ፊት ሲዞር የመቁረጡ ጉልበት ያጠብቀዋል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን ይፈታዋል።

ስለ ደህንነት የተለየ የምትለው አለ?

አለ። ዳያሉን የምታዞሩበት ቁልፍ ሄዱ ላይ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሳ ጥይት ነው። ቁልፉን በእጃችሁ ሳትይዙ ማብሪያውን አትንኩ፤ እኔ ቁልፉን ከማብሪያው አጠገብ በማግኔት ነው የምሰቅለው። ከማብራታችሁ በፊት ሁልጊዜ ስፒንድሉን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ፤ ባሩ ሞርሳውን ወይም ማሰሪያውን የሚነካ ከሆነ ያኔ ታያላችሁ። መነጽር አድርጉ። ጓንትና ረጅም እጅጌ አይሆንም። ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ፍቅፋቂ ማሽኑ ሳይቆም በብሩሽም ቢሆን አትንኩ።

ሥራ ስጨርስ ሄዱን እዚያው ልተወው?

ሞርስ ከሆነ አውጡት። ስፒንድሉ ሞቆ ሳለ የገባ ዘንግ ስፒንድሉ ሲቀዘቅዝ ይነከሳል። ድሮው ባሩን አንድ ዙር ብቻ ፈታ አድርጉ፤ አናቱን በናስ መዶሻ መታ አድርጉት። ጥርሱ ገና ብዙ ስለያዘ አይጎዳም፤ ሄዱም ጠረጴዛው ላይ አይወድቅም። ከሥሩ ግን ጣውላ ወይም ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ ጥረጉት፣ ዘይት አስነኩት፣ ስለቱን አውልቃችሁ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት።